በአራት ሰዓት ይደርሳል

የሥጋ አሠራር ምክር የሚሰጡ ሰዎች አብዛኞቹ ሰነፎች ናቸው። "ሥጋውን እስኪበስል ድረስ አብስሉት" ይላሉ። እስኪበስል ድረስ ማብሰልንማ ማን ያጣዋል? ሰው ምክር የሚጠይቀው መቼ እንደሚበስል፣ መብሰሉንስ በምን እንደሚለይ ለማወቅ ነው። "ጨው በመጠኑ" ይላሉ። መጠኑን የሚያውቅ ሰው እነሱን ምን ሊል ይጠይቃል? እንዲህ ዓይነቱ ምክር ስንት ድስት እንዳሳረረ፣ ስንት ባልና ሚስት እንዳኮራረፈ የቆጠረው የለም። የባሰው ደግሞ ጥሩ መካሪ አንዲት ቦታ ላይ ስትቸኩል ነው። አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ከገዛ ቤቱ ሊወጣ ለጥቂት የተረፈው በሦስት ቃል ምክር የተነሳ ነው።

ሾፌሩን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ፍሬን ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ለሰው ብቻ ሳይሆን ለድመት፣ ለኳስ፣ መንገድ ዳር ቆሞ "ልሻገር ወይስ ይቅርብኝ" እያለ ለሚያስብ ሁሉ ይቆም ስለነበር፣ ስሙን ያወጡለት ቆመው የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ናቸው፤ በየፍሬኑ እርስ በርስ ሲተቃቀፉ የኖሩት እነሱ ናቸውና። መስመሩ አንድ ነበር፦ ከገበያው እስከ ሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ልክ አንድ ሰዓት። በሁለት ሰዓት ይደርሳል ከተባለ በሁለት ሰዓት ይደርሳል። የፋብሪካው ዘበኛ የእጅ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በሱ አውቶቡስ ነበር።

ይህ ሁሉ ያስመሰግነዋል። የማያስመሰግነውም አለ፣ እሱን ዘሎ ማለፍ አይገባም። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር አንድ ቀን የድስት ክዳን ከፍቶ አያውቅም። ጨው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር። እንዲህ ያለው ወንድ ሞልቷል፤ "እኔ ማዕድ ቤት አልገባም" ሲል ደረቱን ይነፋል፣ በገዛ ቤቱ ግማሽ እንግዳ ሆኖ መኖሩ አይገባውም። ባለቤቱ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ምግቡ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ማንቆርቆሪያውን ጥዶ፣ ከታች መኪናውን አጣሞ ካቆመ ጎረቤት ጋር ሊከራከር ወረደ። ክርክሩ ረዘመ። ውሃው አለቀ፣ የማንቆርቆሪያው ቂጥ ተበሳ፣ ጭሱ ከሦስተኛ ፎቅ ቤቱ ወጥቶ ደረጃውን ሞላው።

ወሬው ለልጁ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ልጁ የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ የሰውን ሕይወት እንደ ክፍለ ጊዜ መደልደል ሥራዋ ነው። "አባዬ አንድ ቀን ቤቱን ያነደዋል" አለች። እንቅልፍ አጣች፣ ይህን ልንነፍጋት አይገባም። ከዚያም ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል ቀለም አስቀባች፣ አልጋ ገዛች፣ መጋረጃ ሰቀለች። አባቷን ግን አልጠየቀችም። ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያጣው ጉልበቱን አይምሰላችሁ፤ የሚጠይቀውን ሰው ነው። ሁሉም ይነግረዋል፣ የሚጠይቀው የለም።

አንድ ረቡዕ ደወለችለት።

"አባዬ፣ እሁድ ከባለቤቴ ጋር እንመጣለን። ዕቃህን ምን ምን እንደምትወስድ እንነጋገር። ለቀጣዩ ቅዳሜ መኪና አዝዣለሁ።"

"ምሳ እኔ ቤት ትበላላችሁ" አላት። "የምሠራውም እኔ ነኝ።"

"እንቁላል?"

"የበሬ ሥጋ።"

"አንተ?"

"ደህና አድርጌ ሠርቼ ከበላችሁ ክፍሉ ይቀራል" አለ። "የማይበላ ከሆነ ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ እወርዳለሁ። አንድ ቃል አልተነፍስም።"

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ነገሩ የገባው ስልኩን ሲዘጋ ነው። ሥጋ መሥራት አይችልማ።

ፊት ለፊቱ ያለው በር የልብስ ሰፊዋ ነው። እትዬ መርፌ ይሏታል፤ ስትሠራ መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ ስለምትነጋገር ግማሹን ሰምተህ ግማሹን የምትገምትላት ሴት ናት። በምግብ ነገር ግን በሕንፃው ውስጥ ከሷ በላይ የለም። ቅዳሜ ጠዋት በሯን አንኳኳ።

"ምን ዓይነት ሥጋ ልግዛ?"

"ባት" አለችው፣ በሯን በክርኗ ይዛ። "ከአጥንቱ ጋር።"

"ባት? እሱን ልኳንዳው ለጫማ ሰፊ የሚሸጠው መስሎኝ።"

"ለስላሳው ሥጋ ረጅም እሳት አይችልም፣ ደርቆ ክር ይሆናል። ባት ግን ጅማቱ ቀስ እያለ ይቀልጥና መረቁን ያወፍርልሃል። ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ የሠራ ሥጋ ነው፤ ጊዜ ከሰጠኸው እጅህ ላይ ይፈታል።"

"እንደኔ ነዋ።"

"አንተ ደግሞ ምን ቆመሃል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብለህ።"

ሳቅ አለና መጻፊያ ወረቀት አወጣ። "እሳቱስ?"

"መጀመሪያ ኃይለኛ። ሥጋውን በጨርቅ አድርቅ፣ ጨው ነስንስበት፣ ዘይቱ ሲግል ጥቂት ጥቂት እያደረግህ ክተተው። አታጨናንቀው። ካጨናነቅኸው ውሃ ያወጣና ይቀቀላል እንጂ ቡናማ ቅርፊት አይሠራም።"

"እንደ ጠዋት አውቶቡስ አልጠቅጥቀው ነው የምትዪኝ።"

"እንዲያ በለው። ከዚያ ሥጋውን አውጣና በዚያው ድስት ሽንኩርቱን አቁላላ፣ እሳቱን ቀንሰህ። ታች የተጣበቀውን እንዳታጥበው፣ ጣዕሙ እሱ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ቁንዶ በርበሬ። ሥጋውን መልስና የፈላ ውሃ እስከ ግማሹ። ቀዝቃዛ አይሁን፣ ያደነግጠዋል። ከዚያ እሳቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ፣ ክዳኑን ግጥም። እንዳትከፍተው። በከፈትኸው ቁጥር እንፋሎቱ ይሄድብሃል።"

"እስከ መጨረሻው ዝቅ ማለት፣ አንደኛ ማርሽ?"

"ማርሽ አላውቅም። ፍልቅ፣ ዝም። ፍልቅ፣ ዝም። እንዲያ ይበል።"

የጋሽ ፍሬን ዓይን በራ። "ሚኒሞ" አለ። መኪናው ቆሞ፣ ማንም ነዳጅ ሳይረግጥ፣ ሞተሩ ብቻውን ቀስ እያለ ሲተነፍስ ሾፌሮች እንዲያ ይሉታል። "ሚኒሞን ለኔ ተይው።"

እስከዚህ ድረስ ከዚህ የተሻለ ምክር የሰጠ ሰው ካለ ይምጣ። ግን በዚያች ደቂቃ ሱሪው በግማሽ የተለካ ደንበኛ ከውስጥ ተጣራ። እትዬ መርፌ አራት መርፌ ከንፈሯ ላይ ሰካች፣ ልትገባም ዞረች።

"መቼ ነው የሚደርሰው?" አላት ከኋላዋ።

"በአራት ሰዓት ይደርሳል" አለች በመርፌዎቹ መሀል።

"በአራት ሰዓት?"

"አዎ፣ በአራት ሰዓት።" በሩ ተዘጋ።

ጋሽ ፍሬን ቤቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለና በትልልቁ ጻፈ። መድረሻ፣ አራት ሰዓት። መነሻውን አልነገረችውም፤ ነገር ግን በዓለም ላይ ያለ ጉዞ ሁሉ አንድ ሰዓት እንደሚፈጅ የሠላሳ አንድ ዓመት ልምዱ ነግሮታል። ስለዚህ መነሻ፣ ሦስት ሰዓት ብሎ ጨመረበት። እንግዶቹ የሚመጡት በሰባት ነው። በጊዜ ነው የሚደርስልኝ ብሎ ደስ አለው።

እሁድ ማለዳ ተነስቶ የተባለውን ሁሉ አደረገ። ሥጋውን አንድ በአንድ አደረቀ፣ ጨው ነሰነሰ። ዘይቱ ሲንጫጫ እጁን ሰበሰበ እንጂ አልሸሸም። ቁራጮቹ እየተገላበጡ ቡናማ ቅርፊት አወጡ። ሽንኩርቱ አስለቀሰው። ብቻውን ስለነበር ዓይኑን ለመጥረግ አልቸኮለም። ሦስት ሰዓት ሲል ክዳኑን ገጠመ፣ እሳቱን ሚኒሞ ላይ አደረገ። ድስቱ ፍልቅ አለ፣ ዝም አለ። ልክ እንደተባለው።

አራት ሰዓት ሲል እሳቱን አጠፋ። አንድ ደቂቃ አላሳለፈም። ክዳኑንም አልከፈተም፣ እንዳትከፍት ተብሏልና። የታዘዘውን ሁሉ በታማኝነት እየፈጸመ ገደል የሚገባ ሰው እንዲህ ያለ ነው። ከዚያ ወለሉን ወለወለ፣ ብርጭቆዎቹን አጠበ፣ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈ፣ ሰባት ሰዓት ሊሞላ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀር ድስቱን ሞቅ አደረገው።

ልጁና ባሏ በሰባት ሰዓት መጡ። ባሏ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ቴክኒሽያን ነው፤ ለዘብ ያለ፣ ሆዱን የሚወድ፣ ሚስቱ ስትናገር ጣሪያ ማየት የሚቀናው ሰው። በሩ ላይ ሆኖ በረጅሙ አሸተተና "አባባ፣ ምን ዓይነት ሽታ ነው እርስዎ ቤት" አለ። እውነቱን ነበር። ሽታው ያስጎመጃል።

ጋሽ ፍሬን ለየሰዉ አወጣ። ቀለሙ ያማረ፣ መረቁ የሚያብረቀርቅ። ቴክኒሽያኑ አንድ ቁራጭ አፉ አስገባና ማኘክ ጀመረ። አኘከ። ወደ ግራ ጉንጩ አዛወረው፣ አኘከ። ልጅቱ በሹካ ወጋች፣ ሹካው አልገባም አለ። በቢላዋ ሞከረች፣ ሳህኑ ተንጫጫ እንጂ ሥጋው ቅንጣት አልተነካም።

"ጣዕሙ ጥሩ ነው አባባ" አለ ባል፣ ቁራጩ ጉንጩ ውስጥ እንዳለ።

"ዋጠው እንጂ" አለችው።

"እየሞከርኩ ነው። ደግሞስ እንዲህ ያለ ሥጋ ባይኖር እኔም ሥራ አልነበረኝም።"

ልጅቱ ሹካዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ፈተና ለወደቀ ተማሪ በምትናገርበት ድምፅ "ምንም አይደለም አባዬ" አለች። ይህ ቃል ሲሰማ ለስላሳ ነው፣ ፍርዱ ግን ከባድ ነው። ምንም አይደለም ማለት ከመጀመሪያውም አልጠበቅንህም ማለት ነው። "ሞክረሃል። ቅዳሜ መኪናው በሦስት ሰዓት ይመጣል።"

ጋሽ ፍሬን ተነስቶ ሄደና የፊት ለፊቱን በር ደበደበ። እትዬ መርፌ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች፣ ሹካ ተቀበለች፣ ድስቱ ውስጥ አንዱን ቁራጭ ወጋ አደረገች። ሹካው ነጠረ።

"መቼ ጣድከው?"

"በሦስት ሰዓት።"

"መቼ አወረድከው?"

"በአራት ሰዓት። ልክ በአራት።"

"ማን ብሎህ?"

"አንቺ ነሻ። በአራት ሰዓት ይደርሳል አላልሽኝም?"

እትዬ መርፌ ሹካውን አስቀመጠች። "አራት ሰዓት ይፈጅበታል አልኩህ እንጂ። አውቶቡስ መሰለህ እንዴ?"

"ይደርሳል አልሽኛ።"

"ምግብ ነው የሚደርሰው።"

"አውቶቡስም ይደርሳል።"

"ያንተው ብቻ ነው የሚደርሰው። የሌላው መቼ ደርሶ ያውቃል?"

ቴክኒሽያኑ ሳቁ አመለጠው፤ በሳቁ መሀል ያቺ ቁራጭ ሳያስበው ወረደች፣ ደንግጦ ውሃ አነሳ። ጋሽ ፍሬንም ሳቀ። ልጅቱ ከንፈሯ ሊከዳት ሲል ነከስ አደረገችው።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች እትዬ መርፌ ወደሷ ዞራ። "መርፌውን ከአፌ አውጥቼ መናገር ነበረብኝ። ሥጋው አልተበላሸም፣ መንገድ ላይ ነው የወረደው። አንድ ሰዓት ሄዷል፣ ሦስት ይቀረዋል።"

"እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ውል ውል ነው" አለች ልጅቱ። "ምሳ ነው ያለው።"

"እኔ እራትም ቢሆን እበላለሁ" አለ ባሏ ጣሪያውን እያየ።

ጋሽ ፍሬን ልጁን ትክ ብሎ አያት። "እስከ አሥር ተኩል ስጪኝ። ካልሆነ ቅዳሜን አልጠብቅም፣ ዛሬውኑ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ሰዓቷን አየች። "እስከ አሥር ተኩል። አንድ ደቂቃ አልጨምርም።"

"እኔም ጨምሩልኝ ብዬ አላውቅም።"

ድስቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ተጣደ። እትዬ መርፌ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ስትል በሩ ላይ ቆመችና ጣቷን አነሳች። "ድንችና ካሮትም ጨምርበት፣ ሊደርስ ሦስት ሩብ ሰዓት ሲቀረው... ቆይ፣ ይህንንስ በደንብ ልናገር። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ሲል ትጨምራለህ። በግድግዳው ሰዓት። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከአርባ አምስት ሲል።"

"ገብቶኛል።"

"ድገመው።"

ደገመው።

ቴክኒሽያኑ ዳቦውን በመረቅ እያጠቀሰ ግማሹን ጨረሰና ሶፋው ላይ ጋደም አለ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ፍሬን ቤት ውስጥ ካሮት እንጂ ድንች እንደሌለ ትዝ አለው። "ሱቅ ደርሼ መጣሁ" ብሎ ወረደ። ልጅቱ ማዕድ ቤት ብቻዋን ቀረች። የማዕድ ቤቱ መስኮት የሚከፈተው ወደ ደረጃው ነው፤ ለአየር ብሎ ብርግድ አድርጎት ነበር የሄደው።

ድስቱን አየችው። ፍልቅ፣ ዝም። ሰዓቷን አየች። እንዲህ እየተንቀረፈፈ በአሥር ተኩል የትም አይደርስም አለች በልቧ። አባቷ እንዲያሸንፍ ፈልጋ ይሁን ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅላት ብላ፣ ቢጠይቋት እሷም አታውቀውም። እጇን ሰደደችና እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ድስቱ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ተንተከተከ፣ ክዳኑ መንገጫገጭ ያዘ። እሷ አልሰማችም፤ ስልኳ ጠርቶ ስለ ሰኞ ስብሰባ እያወራች ነበር።

ከደረጃው በኩል ሩጫ ያልሆነ፣ ግን ከሩጫ ብዙም ያልራቀ ኮቴ ተሰማ። ጋሽ ፍሬን የድንቹን ከረጢት እንደያዘ ገባ፣ በቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደ፣ እሳቱን ዝቅ አደረገ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ክዳኑ አስጠጋ። ቆየ።

"ከታች አልያዘም" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ "ማነው ነዳጅ የረገጠው?" አለ።

ልጅቱ ስልኩን ዘጋች። "እኔ ነኝ።"

"ድስቱ ከባድ ጭነት ነው የያዘው ልጄ፣ ዳገት ላይ ነው። በሦስተኛ ማርሽ አይወጣም። ሞተሩ ይጮኻል እንጂ።"

"ከየት ሆነህ ሰማኸው?"

"አንደኛ ፎቅ ደርሼ ነበር።"

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ልጅቱ መስኮቱን አየች፣ ድስቱን አየች፣ አባቷን አየች። ከማንቆርቆሪያው ቀን ጀምሮ ልቧ ላይ የተቀመጠውን አወጣችው። "ታዲያ ያን ጊዜ ማንቆርቆሪያውን ለምን አልሰማኸውም?"

ጋሽ ፍሬን ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። "ያን ጊዜ ምንም አልሰማም ነበር። እናትሽ ከሄደች በኋላ ስልክ ሲጠራ አልሰማም፣ በር ሲንኳኳ አልሰማም። ሰው ሳገኝ እከራከራለሁ፣ ብቻዬን ስቀር ግን ቤቱ ጭር ይልብኝ ነበር።" ድንቹን ዘረገፈ። "አሁን እሰማለሁ። መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም። ግን እሰማለሁ።"

ይህን ጥያቄ ያኔውኑ ብትጠይቀው ኖሮ አንድ ባልዲ ቀለም ይተርፍላት ነበር። ግን ጠየቀች፣ ስንቱ ሳይጠይቅ ይቀራል። ወንበር ሳበች፣ ቢላዋ አነሳች፣ ካሮት መላጥ ጀመረች። እሱ ድንቹን ላጠ። እሷ በቀጭኑ ትልጣለች፣ እሱ ግማሹን ድንች ከልጣጩ ጋር ይጥላል።

"አባዬ፣ ይኼ እኮ ድንቹ ነው የሄደው።"

"ገና ልምምድ ላይ ነኝ።"

የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከአርባ አምስት ሲል ክዳኑ ተከፈተ፣ ድንችና ካሮቱ ገባ፣ ክዳኑ ተዘጋ። አሥር ተኩል ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ ፍሬን ትልቁ ቁራጭ ላይ ሹካ ሰካና ሳይጫን ዞር አደረገው። ሥጋው ለሁለት ተከፈለ። አጥንቱ ብቻውን ተንሸራቶ ወጣ፣ ሰው ከአልጋ እንደሚነሳ። ጅማት የነበረው ሁሉ ቀልጦ መረቁን ማንኪያ ላይ የሚያድር አድርጎታል።

እትዬ መርፌ ሳትጠራ መጣች። ወንበር ስላልበቃ ቴክኒሽያኑ ቆሞ በላ፣ ቅሬታም አላሰማም። ሁለተኛ ሳህን ሲያነሳ "አባባ፣ ይኼማ ሥራ ሊያሳጣኝ ነው" አለ። "ድድም ይበላዋል።"

ልጅቱ አንድ ጉርሻ ዋጠች። ሁሉም አያት። "ጨው አንሶታል" አለች፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ ያወጣላትን ጨርሳ ሳህኗን እንደገና ወደ አባቷ ዘረጋች። ምክትል ርዕሰ መምህራን ሽንፈት የሚቀበሉት እንዲህ ነው።

"ክፍሉስ?" አላት፣ እየጨመረላት።

"ክፍሉ እንግዳ ያድርበታል።" ሳህኗን ተቀበለችና "ለምሳሌ አንተ። የሚመጣው እሁድ እኛ ቤት ናና ሥራልን" አለችው።

"ምድጃሽ ምን ዓይነት ነው?"

"የኤሌክትሪክ።"

"ድምፅ አለው?"

"የለውም።"

ጋሽ ፍሬን ማንኪያውን አስቀመጠ። "እንግዲያው ቅዳሜ ነው የምመጣው። የማላውቀውን መኪና ሳልሞክረው ሰው አልጭንም። ቅዳሜ እዚያው አድራለሁ፣ እሁድ አበላችኋለሁ፣ ሲመሽ ቤቴ ነኝ።"

"ሲመሽ ቤትህ ነህ" አለች።

እትዬ መርፌ በጎን በኩል "አደራ፣ ምክር ብትፈልጊ ከኔ አትጠይቂ" አለቻት። ልጅቱ ግን ስልኳን አወጣች፣ ለመጻፍ ጣቷን አዘጋጀች፣ አባቷን ቀና ብላ አየችው።

"ምን ልግዛ አባዬ?"

"ባት" አለ ጋሽ ፍሬን። "ከአጥንቱ ጋር።"